የጀማል ሞተር በአባባ ፔጆ

ጢም ሳላበቅል፣ የወተት ጥርሴ እንኳ ሳይነቀል፣ የፒካፕ ሞተር አውርጄ አሮጌ ፔጆ ውስጥ የገጠምኩ ሰው ነኝ። ከቦኬ እስከ መቻራ ይህን የሚክድ ካለ ፊቴ ይምጣ። እርግጥ አባባም ነበረ። ሞተሩን በሰንሰለት ከግራሩ ቅርንጫፍ ላይ የሰቀሉት ጎረምሶችም ነበሩ። ደህና አድርጌ ካሰብኩት፣ የእኔ ድርሻ ቡሎኖቹን በናፍጣ እያጠብኩ ጣሳ ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። አንዱ ቡሎን ሲጠፋ «ይሄ ልጅ ውጦታል» ተብዬ ለቀናት ሽንት ቤት በአጃቢ ተመላልሻለሁ። በኋላ አባባ ኪስ ውስጥ ተገኘ። እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀኝ የለም።

አባባ ጋራዥ ነበረው ካልኩም ማጋነን ይሆንብኛል። ግራር ነበረው። ያኔ ሁላችንም አሰበ ተፈሪ በምንላት ጭሮ፣ ከግራሩ ሥር ያለው መሬት ከዘይት ብዛት ዝናብ እንኳ አይጠጣም ነበር። ልብሴ፣ ደብተሬ፣ ምሳዬ ሁሉ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ስለነበር መምህራችን በመስኮቱ በኩል ያስቀምጡኝ ነበር። የአባባ ፔጆ በጭሮና በሂርና መካከል ሰው ታመላልሳለች። ዳገቱ ላይ ግን ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋታል። አንዴ ዶሮ ቀደመችን። ዶሮዋ መንገድ ዳር ቆማ እንቁላል ጣለች፤ ጥላም ተነስታ እንደገና ቀደመችን። በመጨረሻ ሞተሩ ጭራሽ ነክሶ አልዞርም አለና ፔጆዋ ከግራሩ ሥር ቆማ ቀረች።

በዚያው ክረምት ጀማል ሞተ። ጀማል የአዴ ፋጡማ አንድ ልጅ ነበር። አዴ የምንለው በኛ አገር እናቶችን ነው። ጀማል የጫት ሹፌር ነበር፣ ፒካፑም እንደኛው ፔጆ ሆኖ ሞተሩ ግን የኛን ሁለት ይውጣል። ያኔ እንኳን የጫት መኪና አህያም ብትሆን ገና ሳትታይ በድምጿ ትታወቅ ነበር፤ የጀማልን ደግሞ ደንቆሮም ያውቀዋል። ማኒፎልዱ፣ ማለትም ከሞተሩ ቀዳዳዎች የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ድምፅ ወደሚያፍነው ማርሚታ የሚያወርደው ብረት፣ ተሰንጥቆ ነበር። ቁልቁለቱን ሲወርድ በስንጥቁ በኩል ረጅም ፊሽካ ይነፋል። ይበየድልህ ሲሉት «ታዲያ እናቴ ድስቱን በምን አውቃ ትጣደው?» ይላቸዋል። እውነቱን ነው። ፊሽካው ከወደ ሂርና በኩል ሲሰማ አዴ ፋጡማ ድስቱን ይጥዱ ነበር፤ እሱ ደጃፍ ሲቆም ወጡ ይንተከተካል።

ፒካፑ ከዚያው ቁልቁለት ላይ ገደል ገባ። ጋቢናው እንደ ወረቀት ተጨማደደ፣ ሞተሩን ግን ጭረት አልነካውም። አርባው ካለፈ በኋላ አዴ ፋጡማ አባባን አስጠሩት።

«ውሰደው ተክሌ። ዝገት ከሚበላው ሰው ያመላልስ። ግን ወላሂ፣ በደጄ ስታልፍ ያንን ድምፅ እንዳታሰማኝ። ሰምቼው የሚገባ ሰው ከሌለ እሞታለሁ።»

አባባ ቃል ገባ። ችግሩ፣ ወደ ሂርና የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በአዴ ፋጡማ በር ላይ ያልፋል።

ሞተሩ ገባ። ማኒፎልዱ ግን እምቢ አለ። ወደ ታች የሚዞረው አፉ ልክ የመሪው ዘንግ ላይ አረፈ፣ መሪው ሲዞር ብረት ብረትን ይበላል። ሆነም ቀረም አባባ ሞተሩን ለመሞከር ብቻ በዚያው ማኒፎልድ አስነሳው። ፊሽካው ጮኸ። ማዶ ጫት የሚያስሩት ሴቶች እጃቸው ባለበት ቆመ። አንዷ «ጀማል መጣ!» አለችና አፏን በሻሿ ያዘች። ሁላችንም ወደ መንገዱ ዞረን አየን። እኔ ራሴ አየሁ፣ ሞተሩ ዓይኔ ሥር እየተንቀጠቀጠ! ደግነቱ አዴ ፋጡማ ቦኬ ገበያ ሄደው ነበር። አባባ ቶሎ አጠፋው፤ ካጠፋው በኋላም ፊሽካው ለጥቂት ጊዜ ጆሮአችን ውስጥ ቁልቁለቱን ሲወርድ ቆየ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አባባ ለማይገጥም ብረት የሚያወርደው ስድብ ግራሩን ያደርቀው ነበር። ያን ቀን ግን ማኒፎልዱን ፈትቶ በሁለት እጁ ያዘና «ይሄ ነው ድምፁ» አለ። «ይሄ ከወጣ ጀማልም ይወጣል።»

አዲስ ሊሠራ ተነሳ። በሞተሩ ቀዳዳዎች ላይ ካርቶን ተጭኖ ቅርጻቸውን በጥላሸት አወጣ፣ በዚያ ልክ ወፍራም ላሜራ ቆረጠ። ጭሱ የሚወጣባቸው ቧንቧዎች ዝም ብለው ቢታጠፉ ስለሚጨፈለቁ ውስጣቸውን በደረቅ አሸዋ ጠቀጠቀ፣ ጫፎቹን በእንጨት ወተፈ፣ ከሰል ላይ አግሎ ከመሪው ዘንግ እንዲርቅ እየጠመዘዘ አጎበጣቸው። አሸዋውን የነፋሁት እኔ ነኝ። ይሄኛው እውነት ነው። ብየዳው ሲያልቅ አባባ አሮጌውን ማኒፎልድ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ ሰባበረው፣ ማንም ተሳስቶ እንኳ መልሶ እንዳይገጥመው።

የሙከራው ቀን እኔ አዴ ፋጡማ ዘንድ ሄጄ እንድቀመጥ ተላክሁ፤ ከደነገጡ ሮጬ እንድነግር። በረንዳቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። አባባ ዱር ዱር ዱር እያለ አለፈ፣ ወፍራም፣ የማንም ያልሆነ ድምፅ። አዴ ፋጡማ ቀና አላሉም። እኔ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ።

«የማን ናት ይቺ?» አሉ፣ ምስራቸውን እየለቀሙ።

«የኛ ፔጆ ናት አዴ።»

«ተነስታለች እንዴ? በማን ሞተር?»

አፌ መቼ ተዘግቶ ያውቃል! «በጀማል» አልኩ።

ሰፌዱን አስቀመጡ። ጫማቸውን ፈለጉ፣ ሁለቱንም በተቃራኒው አደረጉና እስከ ግራሩ ድረስ እንዲያው ሄዱ። እኔ ከኋላ ከኋላ። አባባ ተመልሶ ኮፈኑን ከፍቶ እጁን እየጠረገ ነበር፤ ሲያያቸው ፈገግ አለ።

«አልሰሙም አይደል አዴ? ቃሌን ጠበቅሁ።»

«ማሊፍ?» አሉ በኦሮምኛ። ለምን ማለታቸው ነው። «ለምን ተክሌ? እኔ እኮ በየቀኑ ስጠብቀው ነበር።»

«እርስዎ አይደሉ እንዳታሰማኝ ያሉት?»

«ብልስ! እናት ስንት ነገር ትላለች። አንተ ደግሞ ያልኩትን ሁሉ ትሰማለህ?»

አባባ በዓይኑ ወደ ድንጋዩ አመለከተ። አዴ ፋጡማ ቁጢጥ አሉ፣ ስብርባሪዎቹን አንድ በአንድ አነሱ፣ ስንጥቁ ያለበትን አገኙት። በሻሻቸው ጠረጉት። ከዚያ ከንፈራቸውን ስንጥቁ ላይ አድርገው ነፉበት። ምንም። እንደገና ነፉ። «ያ ኢልመ ኮ» አሉት ለብረቱ፣ ልጄ ሆይ ማለት ነው፣ ደግመው ነፉ። ከንፈራቸው ላይ ጥላሸት ቀረ። ስብርባሪውን በሻሻቸው ቋጥረው ሄዱ። አባባ ያን ቀን ሥራ አልሠራም፤ ከግራሩ ሥር ተቀምጦ እጁን ሲያይ ዋለ።

ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ ግን ሰው የሚያምነው አይደለም። ደህናውን አዲስ ማኒፎልድ መብሳት ጀመረ። በመጋዝ ስንጥቅ ያበጅለታል፣ በአዴ ፋጡማ በር ያሳልፈዋል፣ እሳቸው በር ላይ ወጥተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ይደፍነዋል፣ ሌላ ቦታ ይሰነጥቀዋል። አንዴ እንደ አህያ አናፋ፣ አንዴ እንደ ተረገጠ ድመት ጮኸ። ማኒፎልዱ ወንፊት ሆነ፤ ተሳፋሪው ሂርና ሲደርስ እንደ ከሰል ነጋዴ ጠቁሮ ይወርዳል። አዴ ፋጡማ ሁልጊዜ «አይደለም» ይላሉ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ነገም እለፍ» ይሉታል። አባባም ያልፋል። እሳቸው እስኪያርፉ ድረስ በየቀኑ አለፈ፣ አንድም ቀን ግን ጀማልን አላመጣውም።

አሁን አባባም የለም። ጭሮ ውስጥ ባጃጁ ሁሉ ከአንድ እናት የተወለደ ይመስል አንድ ዓይነት ድምፅ ነው ያለው፤ አዳዲሶቹ መኪኖች ደግሞ ድምፅ የሚባል ነገር ጨርሶ አያውቁም፣ ሰው ጀርባ ደርሰው ነው የሚታወቁት። ልጆቼ «ሰላም ሆነ» ይላሉ። እኔ ግን በዚህ ሁሉ ሰላም ውስጥ ጆሮዬ ሥራ ፈትቶ ይቅበዘበዛል። ዛሬ ቤቱ ሊገባ የሚመጣውን ሰው ቀድሞ የሚያውቅለት የለም።

ባለፈው ሰሞን ፀጉር ቤት ተቀምጬ ስላጭ ከውጭ ረጅም ፊሽካ ሰማሁ። ፎጣውን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ወጥቼ ሮጥኩ። የዱቄት ወፍጮ ሞተር ነበር፣ ጭስ ማውጫው የተሰነጠቀ። ሀምሳን ያለፍኩ፣ የልጆች አባት የሆንኩ ሰው፣ ግማሽ ፊቴ ሳሙና እንደሆነ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሜ «ጀማል!» ብዬ ተጣራሁ። እህል ሊያስፈጩ የተሰለፉት ሴቶች ሁሉ ሰምተውኛል።