ሳልቆጠር የተጫንኩበት ካሚዮን

ጣሊያን ከወልቂጤ ወደ አዲስ አበባ ካሚዮን ማመላለስ በጀመረ ጊዜ እኛ ሰፈር የተፈራው መኪናው አልነበረም። መኪናውንስ ቶሎ ለመድነው፤ ይጮሃል፣ ይሸታል፣ ዳገት ላይ ያለከልካል፣ በቅሎም ያው ናት። የተፈራው ቆጠራው ነበር። ሹፌሩ ሰዉን ካሳፈረ በኋላ መሬት ላይ ይቆምና ጣቱን ወደ እያንዳንዱ እየቀሰረ ይቆጥራል፤ ከዚያ ወረቀት ላይ ያሰፍራል። እኛ ዘንድ ደግሞ ልጅ አይቆጠርም፣ ላምም አይቆጠርም። «ስንት ወለድሽ?» የተባለች ሴት «እግዜር የሰጠኝን» ብላ ታልፋለች። የተቆጠረ ይጎድላል፤ መቆጠሩ ግድ ከሆነ ክፉው እንዲርቅ መሬት ላይ ይተፋል።

ሹፌሩ ከሰሜን የመጣ፣ ለጣሊያን ያደረ ቀጭን ሰው ነበር። ሕግ ያበዛል። ከጭነት በላይ ሰው አይቀመጥም። ላምባ ከተጫነ እሳት የሚጭር አይሳፈርም። ወደ ዋልጋ ወንዝ ከሚወርደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሰው ሁሉ ይወርዳል፤ ካሚዮኑ ጭነቱን ብቻ ይዞ ይወርዳል፣ ሰዉ በእግሩ ተከትሎ ድልድዩ ጋ ይሳፈራል። ለምን እንደሆነ ሲናገር የሰማ የለም። ቢነግረን ኖሮ እናምነው ነበር ለማለት ግን አልደፍርም፤ ለጣሊያን ያደረን ሰው ማን ያምናል?

እናቴ በዚያ ዓመት የፋቀችውን ቃጫ አዲስ አበባ ልትሸጥ ተነሣች። እንሰት ፍቆ ነጭ ቃጫ ማውጣት የክንድ ሥራ ነው፤ የዓመት ድካሟ በስድስት እስር ተጠቅልሎ ነበር። ከመሄዳችን በፊት ባለው ቀን፣ በርበሬውን ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ በአህያ ያመጡ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ገበያ ላይ አገኙን። እሳቸውም በዚያው ካሚዮን ሊሄዱ ነው።

«ስሚኝ እህቴ» አሏት። «ወላሂ፣ ዋልጋ ላይ የሚያስወርደን ለጭነቱ ብሎ ነው። ሰው የሌለበት ጭነት ምስክር የለውም።»

 በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ሹፌሩ ጎማውን እየዞረ ሲመታ፣ እናቴ እኔን ከጋቢናው ጀርባ ካለው ከፊተኛው ሳንቃ ሥር በበርበሬው ጆንያና በቃጫችን መካከል አስገባችኝ። ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመቴ ነበር፤ ባለመቆጠሬ ዕድሜዬንም በልኩ አላውቀውም።

«አንድ ሰው ወደ ቃጫችን እጁን ከሰደደ ጩኺ። ሌላ ጊዜ ትንፋሽሽን ዋጪ» አለችኝ። የጭነቱን ሸራ መለሰችና ከሴቶቹ ጋር ኋላ ተቀመጠች። ሹፌሩ ቆጠረ። «አሥራ አንድ» ሲል ሰማሁት። እኔ አልነበርኩበትም።

መንገዱን ሁሉ በርበሬው አፍንጫዬን አቃጠለው። ማስነጠስ ሲመጣብኝ ነጠላዬን እነክስ ነበር። አንድ ነገር አስተውያለሁ። ጭነቱን ያሰሩበት የቃጫ ገመድ ጠዋት በጤዛ ርሶ እንደ ጅማት የተወጠረ ነበር። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ላላ። ጆንያው በየጉድባው ትንሽ ወደ ደረቴ ቀረብ ይላል፣ ተመልሶ ግን አይርቅም። እኔ ሹፌሩን ነበር የጠረጠርኩት፤ ከታች በሆነ መላ የሚስበው መሰለኝ።

አፋፉ ላይ ካሚዮኑ ቆመ። ሰዉ እያጉረመረመ ወረደ። ሹፌሩ እንደገና ቆጠረ፤ አሥራ አንድ፣ ልክ ነው። ከዚያ ገመዱን ጎተት ሲያደርግ ሰማሁት።

«ይህን በእርጥቡ ያሰረው ማን ነው?»

«ገመዱን ተወውና የእጅህን ነገር ንገረን!» አሉት ሽማግሌው። ሰዉ ሳቀ።

«አባባ፣ በርበሬህን ብሰርቅ ዓይኔ ራሱ ይመሰክርብኛል» አላቸው። ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ገመዱን በአንድ ወገን አጠበቀና ወደ ጋቢናው ሄደ።

እናቴ ከጎማው አጠገብ አልተነቃነቀችም።

«እናቴ፣ ፈቀቅ በይ» አላት ሹፌሩ።

«የሰው ጭነት ይዘህ ብቻህን የምትወርደው ለምንድን ነው?»

«ሰው ኖሮበት ሲወርድ ስላየሁ።»

«ምን አየህ?»

«ጭነቱ ወደ ፊት ሲመጣ አየሁ።»

ሌላ አልጨመረም። በሩን ዘጋ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ሳንቃው ከጀርባዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የፊቱ ጎማ ቁልቁለቱን ሲይዝ ጆንያው ደረቴ ላይ ተኛብኝ። መጮኽ ፈለግኩ፤ ግን ቃጫችንን የነካ ሰው አልነበረም፣ ጩኺ የተባልኩትም ለዚያ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ሳንቃው በጡጫ ተደበደበ።

«አቁም! ሰው አለበት! አቁም!» የእናቴ ድምፅ ነበር።

ፍሬኑ ጮኸ። «ቆጥሬያለሁ እኮ!» አለ ሹፌሩ።

«ያልቆጠርካት አለች!»

ሸራውን ገልጠው በብብቴ ሳቡኝ። ዓይኔ አብጦ፣ ነጠላዬ በጥርሴ ተቀዶ ወጣሁ። ሹፌሩ አልተሳደበም፣ አልመታንም። ወረቀቱን አውጥቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው፤ ሊመልሰው ሲል ኪሱን ሁለቴ ሳተው። ከፍርሃት ይሁን ከንዴት ዛሬም መወሰን አልችልም። ሽማግሌው ግን ወሰኑ፤ «ሌባ ሲያዝ እንዲህ ነው» ብለው ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ አሉ።

ካሚዮኑ ብቻውን ወረደ። እናቴ እጄን አጥብቃ ይዛ፣ ዓይኗን ከሸራው ሳትነቅል በአቋራጩ ሮጥን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቆሟል። ማንንም ሳታስፈቅድ ወጥታ ሸራውን ገለጠች፣ እስሮቿን በእጇ ዳሰሰች። ስድስቱም አሉ። እኔ ግን የነበርኩበትን ቦታ ፈለግኩ። የበርበሬው ጆንያ ሁሉ ተንሸራቶ ከፊተኛው ሳንቃ ጋር ተጣብቋል። እጄን ላስገባ ሞከርኩ፤ ከአንጓዬ አላለፈም። እናቴ አየችኝ።

«ትክክል ነኝ ለማለት ራሱ ገፍቶት ይሆናል» አሉ ሽማግሌው ከታች።

«ይሆናል» አለች እናቴ። ድምፅዋ ግን ቀጥኖ ነበር። እጄን ከስንጥቁ ስባ አወጣችው።

ትምህርት ቤት የገባሁት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ንባብ ከቻልኩ ወዲህ በየመኪናው በር ላይ የተጻፈውን የሰው ልክ ሳላነብና ወንበሩን ሳልቆጥር ተሳፍሬ አላውቅም። ሹፌሮች ይስቁብኛል፣ ረዳቶቹም «ማዘር፣ ተቆጣጣሪ ነሽ እንዴ?» ይሉኛል። ያን ሹፌር ግን ቀና ሰው ነበር ብዬ አልጽፍም፤ ያንን አላውቅም። የማውቀው ከዋልጋ በኋላ የሆነውን ነው።

ሌላ ቁልቁለት አፋፍ ላይ እንደገና አስወረደን። ጣቱን አነሣ። እናቴ ከሰዉ መካከል ወጣች፣ ትከሻዬን ይዛ ፊት ለፊቱ አቆመችኝ።

«ከዚህች ጀምር» አለችው።

ጣቱ ወደ እኔ ሲመጣ በነጠላዋ ጫፍ ራሴን ሸፈነችና ፊቷን አዙራ መሬት ላይ ሦስት ጊዜ ተፋች።