የአለቃ ቶህ ጣሪያ ተሸካሚ

ስሟን ያወጡላት አያቷ ናቸው። አሁንም ሴት ተወለደች ሲሏቸው ፊታቸውን ሳያዞሩ «ቦንግቺ» አሉ፤ «እንግዲህ መጥታለች፣ ምን ይደረግ፣ ትደግ» እንደ ማለት ነው። በሉካንግ ከተማ እንዲህ ያለ ስም የተሸከሙ ሴቶች ሞልተው ነበር፤ አብዛኞቹም አንገታቸውን ደፍተው እንደ ስማቸው ኖሩ። ይህችኛዋ ግን ስሙን እንደ ውርርድ ያዘችው።

አባቷ አለቃ ሲ የቤተ መቅደስ እንጨት ቀራጭ ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው መሮውን ያስጨበጡት እሷን ነው፤ ልጄ ናት ብለውም አልራሩላትም። ሎንጋን የሚባለው የፍሬ ዛፍ እንጨት እንደ ድንጋይ ነው፤ በንዴት የሚመታውን ሰው መሮ ይሰብራል። መጀመሪያ የሥዕሉን ዙሪያ ጎድጉዶ ማውረድ፣ ከዚያ ቅርጹን ከፍና ዝቅ እያደረጉ ማውጣት፣ በመጨረሻ ቅጠሉ ከጣውላው ተላቆ የቆመ እስኪመስል ከሥሩ መፈልፈል ነው። እዚህ ላይ አንዲት የተሳሳተች ምት የወር ድካም ይዛ ትሄዳለች። ደግሞም ሥራው የሚሰቀለው ከራስ በላይ ነውና፣ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው ምን እንደሚያይ ማወቅ ያሻል። ስለዚህ ቦንግቺ ጣውላውን ከፍ አድርጋ ትሰቅልና ከሥሩ በጀርባዋ ትተኛለች። ጎረቤት ይስቅባታል፤ እሷ ተኝታ ታያለች፣ ተነሥታ ትቀርጻለች።

አገሩን ይገዙ የነበሩት ጃፓኖች ከሄዱ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ የባሕር እናት የማዙ ቤተ መቅደስ እንዲታደስ ተወሰነ። እንደ ልማዱ ሥራው ለሁለት ተቀናቃኞች ተከፈለ፤ ግራው ለአለቃ ቶህ፣ ቀኙ ለአለቃ ሲ። መሐል ላይ ከጣሪያ እስከ ወለል ሰሌን ይጋረዳል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አያይም። ሰሌኑ የሚወርደው በምርቃቱ ጠዋት ሲሆን ያን ጊዜ ከተማው ይፈርዳል። ሥራው ሳይጋመስ አለቃ ሲ ሞቱ።

የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ቀኙንም ለቶህ ሊሰጥ ተሰበሰበ። ቦንግቺ ሳትጠራ ገባች። ሊቀመንበሩ ኮዋ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብለው ሊሸኟት ሲሉ፣ ቤቱ የማን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። የማዙ ነው አሏት። ማዙ ደግሞ ሴት ናት።

«እንግዲያው ባለቤቷን እንጠይቃት» አለች።

ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉትን ሁለት የመጠየቂያ እንጨቶች አንሥታ በማዙ ምስል ፊት ጣለች። አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ካረፈ እሺ ማለት ነው። ደጋግማ ጣለች፤ ደጋግማም እሺ ተባለች። ኮዋ ከአምላክ ጋር መሟገት አልደፈሩም፤ ግን ሳይነክሱ አልለቀቁም። ትቅረጽ፣ ስሟ ግን በዚህ ቤት አይገባም ብለው ወሰኑ። ቀራጭ ሥራውን ሲጨርስ ስሙን ከጣውላው ጥግ ያኖራል፤ ከዚያ ሌላ ሐውልት የለውም። ያንን ነው የነሷት።

«ያየው ሁሉ ማን ሠራው ይላል» አለቻቸው ስትወጣ። «ያኔ ምን እንደምትመልሱ አያለሁ።»

አለቃ ቶህ በእጁ አንቱ የሚባል ሰው ነበር፤ ለአፉ ግን አንተ ይበዛበታል። የቦንግቺ መዶሻ ጸጥ ባለ ቁጥር በሰሌኑ ላይ አሻግሮ «ጥሩ እጅ አይጠግንም!» እያለ ይጮኽ ነበር፤ የሰበርሽውን በሙጫ እየለጠፍሽ ነው ማለቱ ነው። እሷ የምትመልስለት በመዶሻዋ ነበር። ሌላው ሁሉ የሚቀርጸውን ዘንዶና የጦር አለቃ ትታ፣ ከተማዋ የምትበላውን ቀረጸች፦ ሸርጣኑን፣ ሽሪምፑን፣ ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ዛጎል ከነቅርጫቱ፣ በመሐላቸውም የሎተስ አበባ።

በምርቃቱ ጠዋት ሰሌኑ ወረደ። ሰው መጀመሪያ ወደ ቀኝ አየ፤ ዓሣ ሻጮቹ ሳይቀሩ ሸርጣኑ የሚንቀሳቀስ መስሏቸው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከዚያ አንድ ሰው ወደ ግራ አይቶ ሳቀ። ሳቁ ተዛመተ።

በየቤተ መቅደሱ ማዕዘን፣ ቁጢጥ ብሎ የጣሪያውን አግዳሚ በትከሻው የሚሸከም አንድ ወፍራም ሞኝ ይቀረጻል። የቶህ ተሸካሚ ግን የቦንግቺ ፊት ነበረው። በቅንድቧ ላይ ያለው ጠባሳ፣ የሻሿ ቋጠሮ፣ ስትቀርጽ ጥርሷን መንከሷ፣ አንድም አልቀረ።

ኮዋ በቁጣ ቀሉ። ለእድሳቱ ምስሏ ወጥቶ የከረመው ማዙ ገብታ ከተቀመጠች ወዲያ፣ የልጅ ልጆች ዳግም እስኪያድሱት ድረስ ቤቱን ብረት አይነካውም፤ ስለዚህ ከመግባቷ በፊት ፊቱ ይፈለጥ ብለው አዘዙ። ሰው ሁሉ ቦንግቺን አየ። ጉንጯ ይቃጠል ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ቶህን በመሮው ብትወጋው ደስ ባላት። ይልቅ የበዓል ልብሷን እንደ ለበሰች ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተኛችና ከሥሩ ሆና ቅርጹን ተመለከተች።

ሰውዬው ክፉ ነው፤ እጁ ግን ክፉ መሥራት አያውቅም። ያን አገጭ ለማግኘት በገበያው ስንት ጊዜ ተደብቆ አይቷት ይሆን? ሊያላግጥባት ተነሥቶ፣ ከዘንዶዎቹና ከጦር አለቆቹ ሁሉ አሳምሮ የሠራው እሷን ነበር።

«አይነካ» አለች እንደተኛች።

«ልጄ፣ መሳቂያ አድርጎሻል እኮ» አሏት ኮዋ።

«አጎቴ፣ እርስዎ ስምሽ በዚህ ቤት አይገባም አሉኝ። አለቃ ቶህ ፊቴን አስገቡልኝ። ታዲያ የቱን ልቀየም?»

ነገሩ መጀመሪያ የገባው ለቶህ ነው። ፈገግታው ከሰመ። ጨዋታ እኮ ነው፣ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ እያለ መሰላልና መሮ አንሥቶ መጣ። ቦንግቺ ተነሥታ መሰላሉ ፊት ቆመች።

«ጥሩ እጅ አይጠግንም፣ አለቃ» አለችው። «ማን ነበር ይህን ሲጮኽ የከረመው?»

ከበሮው ደጃፉ ላይ ደርሶ ነበር። ማዙን የተሸከሙት ወንዶች ገቡና ሁሉም መንገድ ለቀቀ፤ ቶህም መሮውን ይዞ ከግድግዳው ተለጠፈ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

የቀኙ ጣውላ እስከ ዛሬ ስም የለውም። እንግዳ መጥቶ ሸርጣኑን ማን ሠራው ሲል ግን፣ የሉካንግ ሰው ወደ ግራው ማዕዘን በጣቱ ያመለክታል፤ «ያቻት» ይለዋል።

ቦንግቺ ሳታገባ አረጀች፤ መሮዋንም አልጣለችም። አንድ የበዓል ቀን የጎረቤቷ ትንሽ ልጅ ተሸካሚውን ሽቅብ እያየች፣ እማማ አይከብድሽም ወይ አለቻት። አለቃ ቶህ ጎብጦ፣ ዕጣኑን ይዞ፣ ከዚያው አግዳሚ ሥር ቆሞ ይጸልይ ነበር። ቦንግቺ እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ይከብዳል እንጂ» አለች። «ብለቀው ግን በማን ራስ ላይ እንደሚወድቅ አለቃ ያውቃሉ።»