የልጄ ዋስ

ልጄ ህንድ አገር ለሚገኝ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ማመልከቷን የነገረችኝ ከተቀበሏት በኋላ ነው። «ቀድሜ ብነግርሽ ስለት ትሳይ ነበር፤ ባይሳካ ከታቦቱ ጋር እንዳላጣላሽ ፈራሁ» አለችኝ እየሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ቢቸና ገበያ ጨርቅ ቸርችሬ ያሳደግኋት አንድ ልጄ ናት። ህንድ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር።

የዓመቱ ክፍያ በቅድሚያ ይከፈል ተባለ። ባለቤቴ የተከለውን ባሕር ዛፍ በቁሙ ሸጥሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሞላ። ግን የሞላው ብር ነው፤ ትምህርት ቤቱ የሚፈልገው ዶላር። ባንክ ወረፋ ያዙ አለን፤ ወረፋውም ንቅንቅ አልል አለ። የተሰጠን ቀን የፍልሰታ ጾም ሳይፈታ ያልቃል፤ ካለፈ ቦታዋ ለሌላ ሰው ነው።

ጨርቅ የምወስደው ሞጣ ካሉ አንድ ሀጂ ነበር። የወንድማቸው ልጅ ዱባይ ይነግዳል። ጭንቀቴን ስነግራቸው፣ «ብሩን ለእኔ ስጪኝ፤ እሱ ከዚያ ሆኖ በልጅሽ ስም ለትምህርት ቤቱ ይከፍላል» አሉኝ።

ብሩን በዘንቢል ከሽሮ ዱቄት ሥር ቀብሬ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። መንገዱን ሙሉ አቡነ ዘበሰማያት እጀምራለሁ፣ መሐሉ ይጠፋብኛል። ረዳቱ ዘንቢሉን ጣራ ላይ ልጫነው ሲል ጮኽሁበት።

«እማማ፣ ሽሮ ነው ወይስ ልጅ ነው ያቀፉት?» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ።

ሀጂ ብሩን ተቀብለውኝ ሳጥን ውስጥ ቆለፉት። እጄ ባዶ ቀረ።

«ወረቀት አይሰጡኝም?» አልኋቸው።

«ወረቀቱ ለሁለታችንም አይበጅም። ስንት ዘመን በቃልሽ ብቻ ጨርቅ ስሰጥሽ ኖርሁ?»

«ያ ጨርቅ ነው፣ ሀጂ። ይህቺ ልጄ ናት።»

«እንግዲያው ዋስ ልጥራልሽ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። የጎረቤት ነጋዴ የሚያመጡ መስሎኝ ነበር። እጃቸውን ይዘው ያወጡት እናታቸውን ነው። ዓይናቸው ጠፍቷል። በዳበሳ እጄን ፈልገው ያዙኝ።

«ስንት ልጅ አለሽ?»

«አንድ፣ እማማ።»

«እኔም የቀረኝ ይሄው ነው። ዋስሽ እኔ ነኝ። ቢያስቀርብሽ ነይና ንገሪኝ፤ ዓይኔ ባያይም ዱላዬ አይስተውም።»

«እውነቷን ነው፣ አይስተኝም» አሉ ሀጂ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አልሁ።

ቢቸና ስመለስ ፈገግታው አብሮኝ አልቆየም። ልጄ በየቀኑ ኢንተርኔት ቤት ሄዳ «አልገባም» እያለች ትመለሳለች። የሀጂ ስልክ መጀመሪያ ይጠራል፣ አይነሳም፤ በኋላ ጭራሽ ተዘጋ። ጎረቤቴ፣ «አንቺ ሴት፣ ባንክ እያለ ገንዘብ ለነጋዴ ይሰጣል?» አለችኝ። ኪዳን ቆሜ ካህኑ የሚሉት አይሰማኝም።

ቀኑ ሊያልቅ ሲል ሞጣ ሄድሁ። የገበያ ቀን ነው፣ የሀጂ ሱቅ ግን ተቆልፏል። ከበረንዳው የሚሰፋውን ልብስ ሰፊ «የት ሄዱ?» አልሁት።

«አልሰማሽም እንዴ? እናታቸው ትናንት አረፉ።»

ዋሴ ሞቱ፣ ብዬ አሰብሁ። ፊት የመጣልኝ ይኸው ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለቅሶ ቤት ገባሁ፤ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጥሁ። ጾመኛ መሆኔን አውቀው ቆሎ ዘገኑልኝ። አለቀስሁ። አንዷ «እንዴት ብትወዳቸው ነው!» አለች። ለእሳቸው ይሁን ለልጄ፣ እኔም አላወቅሁትም። እናቱን ትናንት የቀበረን ሰው ስለ ብር እንዴት እጠይቃለሁ? ሳልናገር ልመለስ ቆርጬ «እግዜር ያጽናዎት» ልላቸው ተነሣሁ። ሀጂ ሲያዩኝ ከወንዶቹ መሐል ወጥተው መጡ።

«አልተከፈለም» አሉኝ። «እናቴን ይዤ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ነበርሁ፤ ስልኩን ማን ያንሳ። የዱባዩን ልጅም ሳልጎተጉተው ቀረሁ፤ አሁን ደግሞ መርዶ ሰምቶ ሱቁን ዘግቷል።»

«ሀጂ፣ ዛሬስ ይተዉት፤ በእንዲህ ያለ ቀን...»

«ዋስሽን ቀብሬያታለሁ። ዋስትናዋን ግን አልቀብርም።»

ለቀስተኛው እያያቸው ስልክ ደወሉ። «ተነሥ!» ሲሉ ድምፃቸው ግቢውን ሞላው። «በኋላ ታለቅሳለህ። አያትህ ዋስ ሆና ነው የሞተችው!»

በማግስቱ ልጄ አንድ ጫማዋን ጭቃ ውጦባት ከኢንተርኔት ቤት እየሮጠች መጣች። «እማዬ፣ ገባ!» አለች። መሬት ሳምሁ።

እነሆ ሄደች። አሁን ሌላ ፍርሃት ይዞኛል፤ እሱም የእናት ነው። የእኚያን ሴት ስም ያኔ አልጠየቅሁም። ስጸልይ «ዋሴን አስብልኝ» እላለሁ። ማንን እንደምል እሱ ያውቃል።