በጾም ብስኩት ውስጥ የገባው ቅቤ

ይህን ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም፤ እኔ ደግሞ ለሚስቴ ያልነገርኳት ነገር የለም፣ ያልሆነውንም ሳይቀር ነግሬያታለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን የምስክርነት ሰዓት ስንቴ ተነሥቼ ምእመኑን በሳቅ ገድያለሁ! ይህችን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ፤ ስቃችሁ ብቻ እንዳታልፉኝ።

ጁባ፣ ካስተም ገበያ ውስጥ ትንሽ ኬክ ቤት አለኝ። እትዬ ብርቄ ኒምራ ታላታ በሚባለው ሰፈር የግቢ ጎረቤቴ ናቸው። እኔ ጴንጤ፣ እሳቸው ኦርቶዶክስ፤ በዚህ ስንቀላለድ ነው የኖርነው። ያን ዓመት ፍልሰታ ሲገባ ግን ቀልዱ ጠፋ። ሹፌር ልጃቸው ከናይል ማዶ፣ ከጉምቦ ጭነት ይዞ ወደ ምሥራቅ እንደ ወጣ ድምፁ አልተሰማም። እትዬ ብርቄ «ልጄን መልሺልኝ» ብለው ለእመቤታችን ጾሙ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምሱም፤ ከዚያ በኋላም አንዲት ጉርሻ አልወርድ ትላቸዋለች። ከስተው ከስተው ነፋስ የሚወስዳቸው መሰለኝ።

«የጾም ብስኩት ልጋግርልዎ» አልኳቸው። ቃል መግባት ለእኔ ከመተንፈስ ይቀለኛል።

መጀመሪያ በእውነት በዘይት ጋገርኩት። በዚያ ብስኩት የናይልን ድልድይ እንደገና መገንባት ይቻል ነበር! እንደገና አቦካሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ፍቄ፣ የጥብስ ቅጠል አድቅቄ ከስኳር ጋር ሳሸው፣ ሽታው ቀስ እያለ ከገበያው አውጥቶ ወደ ሌላ ዓለም ይዞኝ ሄደ። ግድግዳው ራቀ፣ የመኪናው ጩኸት ራቀ። ከካምፓላ የመጣው የገበታ ቅቤ ብቻ በሙቀቱ እየለሰለሰ አጠገቤ ቀረ። እጄ ሄደ። እጄ ሄደ እላለሁ እንዴ? እኔ ነኝ የሄድኩት። ቅቤውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ከምድጃው ሲወጣ፣ በጉምቦ በኩል ያሉት የናይል አዞዎች አፍንጫቸውን ወደ ላይ ቀስረው ያሸተቱት መሰለኝ።

እትዬ ብርቄ አንዱን አንሥተው አሸተቱ፤ ፊታቸው ተለወጠ።

«አንተ ታዴ! ይሄ ጥብስ ጥብስ ይላል። ሥጋ የነካው ነገር ልታበላኝ ነው?»

ቅቤውን የደረሱበት መሰለኝ። ወዲያው ገባኝ፤ የጠረጠሩት ቅጠሉን ነው!

«በልጆቼ! ሥጋ በዓይኑም አላየ፤ ቅጠሉ ከጓሯችን ነው የተቀጠፈው» አልኩ።

«ጴንጤም መማል ጀመረ?» ብለው ሳቁ። በዚያ ሰሞን ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። በሉ። ደገሙ። ጠቅልለውም ለጾመኛ ጓደኞቻቸው ወሰዱ።

ዋሽቼ ነበር? ስለ ቅጠሉ አልዋሸሁም። እውነቱን አንሥቼ ውሸቴን አለበስኩት፤ ከተራ ውሸት የሚብሰው ይህ አይደለም?

ልጁ መጣ። አንድ ጠዋት እስከ አንገቱ ጭቃ ለብሶ፣ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል ሰው አይመስልም ነበር። እትዬ ብርቄ እልል አሉ። «እመቤታችን ጾሜን ቆጠረችልኝ!» ይላሉ፤ እኔንም አቅፈው «አንተም በብስኩትህ አበረታኸኝ» አሉኝ። ገበያውን በምላሴ የማዞረው እኔ፣ እንደ ጁባ ነጋዴ «ማፊ ሙሽኪላ» ብቻ አልኩ። ችግር የለም! ችግሩ እኔው ራሴ ሆኜ!

አሁን በዘይት መጋገር ተምሬያለሁ። በየፍልሰታው እወስድላቸዋለሁ፤ ቀምሰው «ምን ነካህ? የዚያን ዓመቱ ይሻል ነበር» ይሉኛል።

የጓደኛዬ ጉዳይ አስመስዬ አንድ ቄስ ጠየቅሁ። «ሳያውቅ የበላ አልሻረም፤ ጥፋቱ ያበላው ነው። ጓደኛህ ንስሐ ይግባ» አሉኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

ለእትዬ ብርቄ ብነግራቸው ለልጃቸው የጾሙትን ጾም እቀማቸዋለሁ፣ ስለዚህ ዝም ልበል፤ ለራሴ የምነግረው ይህን ነው። ያማረ ሰበብ ነው፤ አትመኑኝ። የምፈራው በየማለዳው «አንተ ቀልደኛ፣ እንዴት አደርክ?» ማለታቸውን እንዳይተዉ ነው። እግዚአብሔርን ይቅርታ ለምኛለሁ። እሱ ይቀላል፤ ፊቱን አላየውም። የእትዬ ብርቄን ፊት ግን ማየት አለብኝ፤ እስከ ዛሬ አልለመንኳቸውም።