ትምህርቷን እስክትጨርስ

ዶክትሬቴን ይዤ ጀርመን አገር ፖስትዶክ ገባሁ ብዬ ስደውል፣ አምቦ ያሉት ቤተሰቦቼ የመሰላቸው ሌላ ትምህርት የጀመርኩ ነው። ተቀጥሬ የምመራመርበት ሥራ መሆኑን ደጋግሜ አስረድቻለሁ። ታላቅ ወንድሜ ግን «አሁን ደግሞ ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። እኔም አብሬው እስቃለሁ።

ሥራዬ ካንሰርን ገና ሳይስፋፋ በምስል የሚያሳይ መርፌ መቀመም ነው። ጨረር የሚሰጥ ንጥረ ነገር ከስኳር ጋር እናያይዛለን፤ ዕጢ ስኳር ይወዳልና ተሻምቶ ሲወስደው ማሽኑ ላይ ይበራል። ጨረሩ ቶሎ ስለሚደክም ጠዋት የተሠራው ለማታ አይሆንም። ስለዚህ ቁርስ ሳልቀምስ እሮጣለሁ። የማላውቃት ሴትዮ ሆስፒታል ተኝታ እየጠበቀችኝ ነው እላለሁ።

እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘችው በዚያው ሰሞን ነው። ማንም አልነገረኝም። እኛ ዘንድ ሩቅ ላለ ተማሪ ክፉ ወሬ አይላክም፤ ልቡ ይሸበራል፣ ከትምህርቱ ይሰናከላል ይባላል። «ትጨርስና ራሷ ታየኛለች» ብላ ቤተሰቡን ሁሉ አስማለች። ወንጪ ያለችው አክስቴ እንኳ ስደውልላት «ሁሉም ሰላም ነው» ትለኝ ነበር። እናቴ ጡረታ እስክትወጣ አስተማሪ ነበረች። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ለስንቱ ልጅ ሰሌዳ ላይ ጽፋለች! እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ለእረፍት አምቦ ስገባ ወንድሜ መናኸሪያ ተቀበለኝ። መንገዱን ሙሉ ስንተኛ ክፍል እንደደረስኩ አልጠየቀኝም። የደከመው መስሎኝ እኔም ምን ሆንክ አላልኩትም። ቤት ስንደርስ እናቴ በአንድ እጇ ብቻ አቀፈችኝ፤ ሌላው አልነሳ አላት። እጄን ይዛ ወደ መኝታ ቤት አስገባችኝና በሩን ዘጋች።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ወንድምሽን እንዳትቆጪው። ያስማልኳቸው እኔ ነኝ» አለችና ነጠላዋን ገለጠች። «ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ይኼንኑ አይደል? በይ እዪኝ።»

ማሽን የሚያስፈልግ ነገር አልነበረም። ከጡቷ እስከ ብብቷ በጣቶቼ አገኘሁት፤ ደርቋል፣ ቆዳዋን ይዞታል፤ ከተስፋፋ ቆይቷል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም። ልጇ ተመርቃ የመጣችላት እናት ነበረች።

«ደረስሽልኝ አይደል?» አለችኝ።

አዎ ልላት አፌን ከፈትኩ። ነጠላዋን መልሼ አለበስኳት።