ሆዷ ከመሬት ምን ያህል ይርቃል?

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ይበልጣል ከባሕር ዳር መጣ። የሚሠራው የቅንጦት አውቶሞቢል የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነው። ይዟት የመጣው ጥቁር መኪና የራሱ አይደለችም፤ ደብረ ታቦር ላለ አንድ የድንች ነጋዴ ሊያሳያት ነው። ከበራችን ፊት አቆማትና እኔን ዙሪያዋን እየመራ ያስጎበኘኝ ጀመር። ወንበሯ ይሞቃል፤ ሲያሻው ደግሞ ይቀዘቅዛል። ወገብ ያሻል። ጣሪያዋ መስታወት ነው። በሯን ገፋ ካደረጉላት ቀሪውን ራሷ ስባ ትዘጋዋለች። ሲያናግሯት ትመልሳለች።

«አማርኛ ትሰማለች?» አልኩት።

«ገና ነው አባዬ።»

«እንግዲያ እዚህ አገር ከማን ጋር ልታወራ መጣች?»

ሳቀ። እኔ ግን ለመሳቅ አልነበረም የጠየቅሁት። ከዚያ ስልኩን አወጣና ሌላም የመጣበትን ጉዳይ ነገረኝ። አለቆቹ፣ ገዢን እንዲህ ያለች መኪና እንዲመርጥ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ከየሰው ጠይቃችሁ ኑ ብለው ሻጮቹን ልከዋል።

«እስቲ አባዬ፣ አንቱ ገዢ ቢሆኑ ከዚህ ሁሉ የትኛው ያሳምንዎታል? ሰው እንደሆነ ፉል ኦፕሽን ነው የሚፈልገው። ግን የትኛው ኦፕሽን ነው ልቡን የሚወስደው?»

ደሜ ፈላ። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ሥራው ነው። ያቺን ቃል ግን እኔ ፊት ባይጠራት ይሻለው ነበር። ፉል ኦፕሽን የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት የዐሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ ነው። 

ያደግሁባት መንደር ደብረ ታቦር አጠገብ ካለችው ከጋፋት አልፋ ያለች ደጋ ናት። ገብስና ድንች ይበቅልባታል። ብርዷ ጥር ላይ ጆሮ ይቆርጣል፣ ጭቃዋ ሐምሌ ላይ ጫማ ያስቀራል። ሐኪም ቤት ያለው ደብረ ታቦር ነው፤ በሽተኛ ደግሞ የሚሄደው በቃሬዛ ነበር። ቃሬዛ ላላየ፣ ሁለት ረጃጅም የወይራ እንጨቶች ናቸው፤ መሐላቸው በበሬ ቆዳ ጠፍር ተጠላልፎ እንደ አልጋ ይሆናል። የኛው መንደር ቃሬዛ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ግድግዳ ተደግፎ ይቆም ነበር። ሰው ሲታመም ከየቤቱ አንድ ወንድ ይወጣል። መንገደኛም ቢሆን ቃሬዛ ካጋጠመው የያዘውን አውርዶ ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም። ያለፈ እንደሆነ «የሱ ዕለት ትከሻ ይጥፋበት» ይባላል። ከዚህ የከፋ እርግማን በኛ ዘንድ የለም።

አንድ ዓመት ገብሱ ሰመረ። መንደሩ ተሰበሰበና በሽተኛ የምታመላልስ መኪና እንግዛ ተባለ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ። እህል ያለው እህል፣ በግ ያለው በግ አዋጣ። አባቴ ጊደሩን ሰጠ። ለግዢው የተላኩት የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ አያሌውና አባቴ ናቸው። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስለነበርኩ ውሉን እንዳነብላቸው ተከተልኩ።

ባሕር ዳር እንደደረስን ፉል በልተን ደላላ ዘንድ ሄድን። ደላላው መፋቂያ ከአፉ የማይለይ ፈጣን ሰው ነው። ግቢው ውስጥ ከሁሉ በፊት ዐይኔን የሳበችው አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረች። ቀለሟ ተልጧል፣ ግን ከመሬት ከፍ ያለች፣ ኋላዋ ሰው ከነፍራሹ የሚዘረጋባት ናት። ደላላው ወደሷ ስናይ ጊዜ እጁን አወናጨፈ።

«እሷማ የከብት ናት! ለሰው የሚሆን ላሳያችሁ» አለ።

ከጥግ ሸራ ገፎ ጥቁሯን አውቶሞቢል አወጣ። የትልቅ ሰው ነበረች አለን። «ፉል ኦፕሽን ናት!»

«ፉሉንማ ጠዋት በላነው» አለ አባቴ። ደላላው እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ፉል ማለት ሙሉ፣ ኦፕሽን ማለት ምርጫ እንደሆነ አስረዳን። ምርጫ! መራጮቹ እኛ ነበርን፤ የመረጠልን ግን እሱ።

መጀመሪያ አቶ አያሌውን ከፊት አስቀመጠው። መስኮቱ በጣት ሲነካ ወረደ፤ ሲነካ ወጣ። አቶ አያሌው አወረደው፣ አወጣው፣ እንደገና አወረደው። ጎልማሳ ሰው ነው፤ አገር የሚያስተዳድር። ፊቱ ግን ጡሩምባ እንደተገዛለት ሕፃን በራ። ደላላው ቀጥሎ አንድ ነገር ጠመዘዘና ከመሪው ጎን ቀዝቃዛ ነፋስ ለቀቀበት።

«ይቺ ብርድ ታመርታለች» አለ።

ልብ በሉ፣ ከደብረ ታቦር ብርድ የመጣን ሰዎች ነን። ብርድ ያነሰን ይመስል ብርድ ልንገዛ ነው! አቶ አያሌው ግን ዐይኑን ጨፍኖ «ግሩም ነው፣ ግሩም ነው» ይላል።

አባቴ እንዲያ አልነበረም። ከኋላ ገባና የቆዳውን ወንበር በመዳፉ ዳሰሰው። ተደገፈ። ቆይቶ፣ «የታመመ ሰው ጀርባው እዚህ ላይ ቢያርፍ ግማሹ ሕመም ይለቀዋል» አለ። እሱን የገዛው ክብር አልነበረም፤ ርኅራኄ ነው። ሰውን በክፉ ልቡ ብቻ የሚያታልሉት የሚመስለው ቢኖር ይህን ይስማ። በደጉም በኩል ይገባሉ።

እኔ ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ። «ሆዷ ከመሬት ምን ያህል ይርቃል?» አልኩ።

«አንተ ጎረምሳ፣ በቅሎ ልትገዛ መጣህ?» አለ ደላላው። አቶ አያሌው ሳቀ። አባቴም ጭምር ፈገግ አለና «ተው እንግዲህ፣ ትልልቅ ሰዎች እየተነጋገሩ ነው» አለኝ። ውሉን አነበብኩላቸው። ውሉ ላይ ስለ ሆዷ የተጻፈ አልነበረም።

አቶ አያሌው ሌባ ቢሆን ኖሮ ንዴቴ ይቀልልኝ ነበር። ሌባ አልነበረም። ከሕዝቡ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አልነካም። የሰረቀው ማሰቡን ነው። ሰው የመጣበትን ጉዳይ ለአንዲት ቁልፍ ሲረሳ ከማየት የሚያበሳጭ ነገር በዕድሜዬ አልገጠመኝም፤ ደግሞ ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል።

መኪናዋ ሚያዝያ ላይ፣ መንገዱ ደርቆ ሳለ፣ ከከተማ በተቀጠረ ሾፌር እየተነዳች በእልልታ ገባች። ቄሱ ጸበል ረጩባት። ፀሐይ እንዳያነጣት ማደሪያ ይሠራላት ተባለ። እንጨት ተፈለገ። ያን ጊዜ ነው አንዱ፣ ማን እንደሆነ እንኳ አይታወስም፣ «ያ ቃሬዛ ከእንግዲህ ምን ይሠራል?» ያለው። ሁሉም ሳቀ። የወይራ እንጨቶቹ የመኪናዋ ማደሪያ አግዳሚ ሆኑ። ጠፍሩ ተፈትቶ ጣሪያው ታሰረበት። የስንቱ አባት፣ የስንቱ እናት የተኙበትን ጠፍር!

እስከ ሰኔ በሽተኛ የጫነችው ጥቂት ነው። አቶ አያሌውን ለስብሰባ አመላለሰች፤ ሁለት ሙሽራ አጀበች። የመጀመሪያ በሽተኛ የሆኑ አንዲት አሮጊት ተይዘው ሲመጡ ወንበሩን አቆሽሻለሁ ብለው ፈርተው አልገባም አሉ። ያኔውኑ ወንበሩ ላይ ላስቲክ ተነጠፈ። ላስቲኩ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። ያ አባቴ የዳሰሰው ቆዳ፣ ያ ግማሽ ሕመም ያስለቅቃል የተባለው፣ የአንድም በሽተኛ ጀርባ ነክቶት አያውቅም።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን አባቴ የድንች እርሻ ሲኮተኩት ዋለና ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ቁርጠት ነው አለ። እናቴ ፌጦ በጠበጠችለት። በማግሥቱ ግን መቆም አቃተው፤ ቀኝ ጎኑን ሲነኩት ይጮኻል። አባቴ የሚጮኽ ሰው አልነበረም።

መኪናዋ ተጠራች። ጀርባው ይረፍ ያለው ሰው መተኛት አቃተው፤ የኋላው ወንበር አጭር ነው፣ እግሩ አይዘረጋም። እናቴ ደግፋው እንደ ማጭድ ታጥፎ ተቀመጠ። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ከመንደሩ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ መንገዱ የጭነት መኪና የቆፈረው ሁለት ቦይ ሆኗል፤ መሐሉ እንደ በሬ ሻኛ ቆሟል። መኪናዋ ወጣች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተቀመጠች። በሆዷ። ጎማዎቿ ጭቃውን እየረጩ በባዶ ይሽከረከራሉ።

ገፋን። ከየጎጆው ሰው ወጥቶ ገፋ። አትነቃነቅም። ጭቃ የለበሰ ሰው በሩን ከፍቶ አባቴን ሊደግፍ ሲገባ አቶ አያሌው ከፊት ወንበር ዞሮ «ኧረ እግራችሁን አራግፉ! ጭቃው ከላስቲኩ ሥር ይገባል! ቆዳው!» አለ።

ይህን ስሰማ ያደረግሁትን አስቤ አላደረግሁትም። ወደ መንደር ሮጥኩ። መጥረቢያ አነሣሁና የመኪናዋ ማደሪያ ላይ ወጥቼ ጣሪያውን መናድ ጀመርኩ። አቶ አያሌው ኋላዬ እያለከለከ ደረሰ።

«የሕዝብ ንብረት ነው! አንተ ባለጌ፣ የሕዝብ ንብረት!»

«አባቴስ የማን ንብረት ነው?» አልኩት ከላይ ሆኜ።

ጎረቤታችን አያ ሙሉ መጣና ከሥር አግዳሚውን ያዘልኝ። ሌሎቹም መጡ። ጠፍሩ በዝናብ ርሶ ስለነበር ቋጠሮው አልፈታ አለ፤ በጥርሳችን ነው የፈታነው። እዚያው ጭቃ ላይ ቃሬዛውን መልሰን ጠለፍነው።

ይዘነው ወደ መኪናዋ ሮጥንና አባቴን ከቆዳው ወንበር አውጥተን ጠፍሩ ላይ አጋደምነው። እግሩን ዘረጋ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ጋፋት ስንደርስ ሰው ከማሳው እየወጣ፣ ማን ነው ሳይል፣ ትከሻችንን ተቀበለን። አንዱ ከኪሱ የገብስ ቆሎ አውጥቶ እየሄድን በአፌ ጨመረልኝ፤ እጄ ተይዞ ነበርና። የዚያ ሰው ስሙን አላውቅም። የቆሎው ጣዕም ግን እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ።

ዳገቱን ስንጨርስ አባቴ አንድ ነገር አጉረመረመ። ውሃ የጠየቀ መስሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ወንበሯ ግን መልካም ነበረች» አለ።

ቃሬዛውን ባልያዝ ኖሮ ራሴን እመታ ነበር።

ሐኪሙ ትርፍ አንጀት ነው፣ ፈንድቷል አለ። ትርፍ! የማያስፈልግ ነገር ሰው እንደሚገድል ከዚያ በላይ ማን ያስተምረኛል? አባቴ አልሞተም። ብዙ ጊዜ ተኝቶ ወጣ፤ ግን ሞፈር ቀንበር ዳግመኛ ማንሣት አልቻለም። ታላቅ ወንድም አልነበረኝም። መስከረም ላይ ጓደኞቼ ዐሥረኛ ክፍል ሲገቡ እኔ በሬዎቹን ጠመድኩ። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ሁሉ የተማርኩት በራሴ ነው፤ በኋላም ልጆቼ ከጣሉት መጽሐፍ። መኪናዋን በበሬ ጎትተው አወጧት። የጎተቷት የኛ በሬዎች ናቸው። ቆይቶ ዶሮ እንቁላል ጣለባት።

ይህን ሁሉ ለይበልጣል አልነገርኩትም። ከፊቴ ስልኩን ይዞ መልሴን እየጠበቀ ነው። የኋላውን በር ከፈትኩና ገብቼ ተጋደምኩ። ነጠላዬ ወለሉ ላይ ወደቀ። እግሬ ተርፎ ከበሩ ውጭ ቀረ።

«አባዬ! ምን ሆኑ? አመመዎት?»

«አልታመምኩም። ብታመም ብዬ ነው።»

ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ፊቴን አየና ተወው። ጎንበስ አለና አንድ ነገር ነካ። የፊቱ ወንበር በቀስታ እያጉረመረመ ወደፊት ሄደልኝ። ጉልበቴ ገባ። እግሬ አሁንም ውጭ ነው። ይበልጣል ያንን እግር አየና ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ሆዷ ከመሬት ምን ያህል ይርቃል?» አልኩት እንደተጋደምኩ።

«አላውቅም አባዬ» አለ። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

«እንግዲያ ለአለቆችህ ይህን ንገራቸው። አባቴ ጠየቀኝ በላቸው።»

ልነሣ ፈለግሁ። ግን ቶሎ አልተነሣሁም። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ልጆቼን ዋሻችሁ ብዬ ስገርፍ ኖሬ እዚህ አልዋሽም። ቆዳው ከጀርባዬ ሥር ቀስ እያለ ሞቀ፤ የወገቤን ሕመም አንድ በአንድ እየፈለገ አገኘው። ወንበሯ መልካም ነበረች። ያናደደኝም ይኸው ነው።