ጅግጅጋ ላይ የላጥኳት ጀልባ

የመኪና አካል የሚጠገንበት ባትላሜራ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን መዶሻ ይሰጠኛል ብዬ ነበር። አለቃዬ ጋሽ ታደሰ ግን ያነሳሁትን መዶሻ ከእጄ ተቀብለው ሣጥን ውስጥ መለሱና አንድ የተቀባ ላንድሮቨር በር ፊት አቆሙኝ። «በጣትህ አንኳኳ» አሉኝ። አንኳኳሁ። «አሁን ደግሞ እዚህ ጋ።» ድምፁ ታፈነ። ስቱኮ፣ ያ ጉድጓድ መሙያ ልስን፣ የተሞላበት ቦታ እንደዚያ ነው የሚሰማው። ከላይ ቀለሙ ቢያብረቀርቅም ከሥር ብረቱ እንደተመታ ነው። ያን ቀን እስኪመሽ በር ሳንኳኳ ዋልኩ። የሥራ ጓደኞቼ «እስካሁን አልከፈቱልህም?» እያሉ ሲያሾፉብኝ ከረሙ።

ቀጥሎ የተማርኩት ጭረት ማንበብ ነው። የቁልፍ ጭረት አንድና ቀጥ ያለ ነው። የግራር እሾህ ብዙና ቀጭን ነው፤ በሀርሺን መንገድ የሚመላለስ መኪና ሁሉ አለበት። ጭነት የታከከው ሰፋ ይላል። ጋሽ ታደሰ ዓይናችንን አስጨፍነው በመዳፋችን ያስዳስሱን ነበር፤ ዓይን ይታለላል፣ መዳፍ አይታለልም ይሉ ነበር። እኔም የራሴን ጋራዥ ከፍቼ ዓይኔ ደክሞ እስካቆም ድረስ የሠራሁት በዚሁ ትምህርት ነው።

በዚያ ጋራዥ ያልቀባሁት ነገር የለም። ባጃጁን፣ አይሱዙውን፣ ሸደር የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የሚመላለሱትን ነጫጭ መኪኖች፣ አንድ ጊዜም የሙሽራ አልጋ ቀብቻለሁ። ጀልባ እቀባለሁ ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም። እኛ አገር ሰው የሚጠጣው ውሃ ራሱ በቦቴ ነው የሚመጣው።

ኮሮናው ጋብ ባለበት ዓመት፣ በደረቁ ወራት፣ አንድ ፒክአፕ ተጎታች እየሳበ በሬ ላይ ቆመ። ተጎታቹ ላይ አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ተጭናለች። ሸራውም ምሰሶውም የሉም፤ ምሰሶው ይቆምበት የነበረው ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ከበርበራ ተነስታ በቶጎ ውጫሌ በኩል ነው የገባችው። የሰፈሩ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንዱ ጎረቤቴ «ግርማ፣ ባሕሩስ በየትኛው መኪና ነው የሚመጣው?» አለኝ።

ከፒክአፑ የወረዱት ወይዘሮ ሆዳን ነበሩ። ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ፣ መኪናቸውን ለዓመታት የሠራሁላቸው ደንበኛዬ ናቸው። የሚፈልጉትን ባጭሩ ነገሩኝ። የጀልባዋ ሆድ ይላጣል፣ ይጠገናል፣ እንደገና ይቀባል። ሲላጥ ግን በእጅ ነው እንጂ በማሽን አይደለም፤ ቀለም ቀለሙ በየተራ ይነሳል። አዲስ ቀለም ከመንካቴ በፊት ደግሞ እጠራቸዋለሁ። ማሽን ቶሎ ይጨርሰዋል ብዬ ብከራከርም እሺ አላሉኝም።

ምክንያቱን የነገሩኝ ሰዉ ከተበተነ በኋላ ነው። አንድ ልጃቸው ጉሌድ በታህሪብ ሄዷል። ወጣቶቹ በደላላ ተመርተው በድብቅ ባሕር ሲሻገሩ ታህሪብ ነው የሚባለው። ከባሕሩ ዳር ስልክ ደወለ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። በዚያው ሰሞን አንዲት ጀልባ ተገልብጣ ጥቂት ሰው ብቻ እንደተረፈ ተወራ፤ ጉሌድ እዚያች ላይ ይሁን አይሁን የሚያውቅ ግን አልተገኘም። የተገለበጠችውን ጎትቶ ያወጣ ዓሣ አጥማጅ ቀለም ደራርቦባት ለሽያጭ ሲያቀርባት፣ በርበራ ያለ የአክስታቸው ልጅ ያቺው መሆኗን ሰምቶ ነገራቸው። ወይዘሮ ሆዳንም ገዟት።

የጉሌድ ሚስት ኒሞ ሕፃን ታቅፋ እሳቸው ቤት ተቀምጣለች። ታግባ እንዳይባል ባልሽ ሞቷል ያላት የለም፤ ትጠብቅ እንዳይባል ይመጣል ያላት የለም። ሼኹም መሞቱ ሳይታወቅ የሙት ሶላት አይሰገድበትም ብለዋቸዋል።

እና ምን ልፈልግልዎት ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ከነገርኩህ ታገኝልኛለህ፣ ወላሎ፣ ወንድሜ» አሉኝ። «ልታስደስተኝ ብለህ ታገኛለህ። አንተ ያየኸውን ብቻ ንገረኝ።»

መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ በኋላ ግን ልክ ናቸው አልኩ። ደንበኛ እንዲሆን የሚፈልገውን ስንት ጊዜ «አዎ፣ ነው» ብለን ሸኝተናል።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ጀልባዋ ሥር መሬቱ ረጥቧል። ዝናብ ከዘነበ ወራት አልፎታል። ወደ ውስጧ ገብቼ ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነው። ከታች ግን ሆዷ ላይ እንደ ብጉር ያበጡ ቦታዎች አሉ፣ ከእነሱ ጠብ ጠብ ይላል። ሽታው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። አንኳኳሁ፤ እንደዚያ ላንድሮቨር በር ታፈነ። ጀልባዋ የፋይበር ናት፤ ፋይበር ሲያረጅ ውሃ ይጠጣል፣ የጠጣውንም በሆዱ ይይዛል። ይህን ለዘበኛችን ለዩሱፍ አስረዳሁት። እሱ ባሕሩን ትታ ከመጣች ያን ያህል ጊዜ ሆኗት አሁን ለምን ታለቅሳለች ብሎ አልጋውን ወደ አጥሩ ጥግ አዛወረ። እኔም ሳቅሁበት።

ሳቄ እስከ ከሰዓት ነበር። ከምሳ በኋላ ሰዉ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ሲቀመጥ ጅግጅጋ ጸጥ ትላለች፤ ውጭ የሚንቀሳቀሰው ነፋስ ብቻ ነው። ጀልባዋ አጠገብ ብርጭቆ ወረቀት እየቆረጥኩ ሳለ ጠቅ አለ። ትንሽ ቆየና ጠቅ፣ ጠቅ። ከውስጥ በጣት መገጣጠሚያ የሚያንኳኳ ሰው ያለ ይመስላል። ጀልባዋ ከሆዷ መሃል በስንጥቅ የሚወርድ የብረት ሳንቃ አላት፤ ውሃ ላይ ሚዛን ይጠብቅላታል። እኛ ምላሷ አልነው። ምላሷ በነፋስ እየተነቃነቀ ነው ብዬ በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተንኳኳ። ብሎኑን ፈትቼ ምላሱን ጭራሽ አውጥቼ መሬት ላይ አጋደምኩት። እንደገና ተንኳኳ። ከዚያ በኋላ በዩሱፍ መሳቄን ተውኩ፤ ሬዲዮ ከፍቼ መሥራት ጀመርኩ።

መላጡን በውሃ ነው የሠራሁት። የጀልባ ሆድ ቀለም መርዝ አለበት፤ ዱቄቱ መተንፈስ የለበትም። ከኮሮና ጊዜ የተረፈንን ማስክ አድርጌ፣ ተጎታቹን በክሪክ አንስቼ፣ ካርቶን አንጥፌ በጀርባዬ ተኛሁ። ከላይ ቀይ ነው። ከቀዩ ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ጥቁር አለ። ሰማያዊው በስፓቱላ ጫፍ ሲነካ እንደ ድንች ልጣጭ እየተነሳ ወደቀ። ለካ ዓሣ አጥማጁ ጥቁሩን ሳይልገው ነው ደርቦ የቀባው። ሰነፍ ቀለም ቀቢ ደሜን ያፈላዋል፤ በሰነፍ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ልጎት ቢሆን ኖሮ ምንም ባልተገኘ።

ጥቁሩ ለስላሳ ቀለም ነው፤ ጥፍር ይቀበላል። ላዩ ላይ ጭረት አየሁ። ጀልባ ዳርቻ ላይ ስትጎተት መሬት የሚጭራት ከፊት ወደ ኋላ ነው። ይህ ግን ከመሃል አከርካሪዋ ወደ ጎኗ ጠርዝ የሚወርድ ነው። አራት አራት ሆኖ ይሄዳል። ዓይኔን ጨፍኜ በመዳፌ ዳሰስኩ። ከዚያ ሳላስበው ጣቶቼን መስመሮቹ ውስጥ አስገባሁ። ልክ ገቡ።

እዚያ ቦታ ማን በእጁ ይደርሳል? ጀልባ ውሃ ላይ ስትሆን ሆዷ ከሥር ነው። ሰው አከርካሪዋን ሊይዝ የሚችለው ሆዷ ወደ ሰማይ ሲዞር ብቻ ነው። እኔ ከሥር ተንጋልዬ፣ እነዚያ ሰዎች ከላይ ተደፍተው፣ በመሃላችን ያው አንድ ፋይበር ነው። ሬዲዮው ይዘፍናል። ከካርቶኑ ላይ ተነስቼ ወጣሁና ፀሐይ ላይ ቆምኩ፤ ፀሐዩ ግን አላሞቀኝም።

ሆዷን በሙሉ እስክገልጥ ደንበኛዬን አልጠራሁም። ሥራው ሲያልቅ ደወልኩላቸው። ብቻቸውን መጡ፤ ወገባቸውን ይዘው ዝቅ አሉና አጠገቤ ካርቶኑ ላይ ተቀመጡ። ለማንኛውም ደንበኛ እንደማስረዳው አስረዳኋቸው። ይህ የመሬት ነው። እነዚህ የእጅ ናቸው፣ የብዙ ሰው እጅ። አብዛኞቹ አንድ ሁለት ቦታ ይታያሉ፣ ከዚያ የሉም።

«ይኸኛው ግን ይለያል» አልኳቸው። «አንድ መስመር፣ ከዚያ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ሁለት መስመር። ብቸኛው መስመር ጥልቅ ስለሆነ የሌባ ጣት ነው። ቀኝ እጅ ነው፤ የመሃል ጣት የለውም።»

ወይዘሮ ሆዳን እጃቸውን አንስተው ባዶው ቦታ ላይ አንድ ጣታቸውን አሳረፉ።

«የወፍጮ ቀበቶ ነው የወሰደበት» አሉ። «የቀኝ እጁን። የመሃሉን።» ከዚያ ሰው ሲሞት የሚባለውን ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አሉ፣ ቀስ ብለው።

ምን እንዳልኩ የገባኝ ያኔ ነው።

«ብዙ ቆይቷል?» አሉኝ።

ያ እጅ ከፊት እስከ ኋላ፣ አከርካሪዋን ተከትሎ ደጋግሞ አለ። እየተንሸራተተ እንደገና ይዟል። ያየኸውን ብቻ ንገረኝ ብለውኛል።

«ቆይቷል» አልኳቸው። «ከሁሉም በላይ የቆየው እሱ ነው።»

«እሱ ከያዘ አይለቅም» አሉ። አለቀስኩ፤ እሳቸው ግን አላለቀሱም።

ኒሞን በማግስቱ ይዘዋት መጡ። እሷ ግን ለማየት ካርቶን አላስፈለጋትም። ከጎን ጎንበስ ብላ አየችና ባዶውን ቦታ ወዲያው አወቀችው። ሼኹም መጥተው አዩ። ያን ሳምንት ሰላተል ጋኢብ፣ ሬሳው ለሌለ ሰው የሚሰገደው ሶላት፣ ለጉሌድ ተሰገደለት። ኒሞም የሐዘን ጊዜዋን መቁጠር ጀመረች።

ከዚያ ወይዘሮ ሆዳን ሥራህን ቀጥል አሉኝ። ጥቁሩ ቀለም ካልተነሳ አዲሱ እንደማይዝ፣ ጭረቶቹም አብረው እንደሚሄዱ ነገርኳቸው። አይተናል፣ በቃ፣ አሉ። መጀመሪያ ግን በንጹህ ውሃ ትታጠብ፤ ቀለሟም ነጭ ይሁን። ገላው ቢገኝ ኖሮ የሚደረግለት ይኸው ነበር። አጥባለሁ ብሎ የተነሳው ዩሱፍ ነው፣ ያ አልጋውን ያሸሸው ሰውዬ። ከቦቴ የቀዳነውን ውሃ በጣሳ እያፈሰሰ ከፊት እስከ ኋላ አጠባት። እኔ በመጨረሻ ያን ቀኝ እጅ በብርጭቆ ወረቀት በእጄ አነሳሁት። ከዚያ የከበደ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ያበጡትን ቦታዎች ከፍቼ ፀሐይ እንዲመታቸው ተውኩ። ጠብታው ቆመ። ውሃው ወጥቶ ስላለቀ ነው፤ ዩሱፍ ሌላ ይላል። የተሰነጠቀውን በፋይበርና በሬዚን ሙጫ ደራርቤ ጠገንኩ። የምላሷን ስንጥቅም ደፈንኩት፤ ወይዘሮ ሆዳን ከእንግዲህ ባሕር አታይም ብለውኛል። ስቱኮ አንድም ቦታ አላስገባሁም። ከዚያ ነጩን ቀባኋት።

ባሕር ስለሌለን ፈተናው በተቃራኒው ሆነ። ውሃውን ከውስጥ ሞላንባትና ከሥሯ ተቀምጠን ጠበቅን። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ወይዘሮ ሆዳን በመዳፋቸው ሆዷን ዳስሰው መድረቁን አዩና «እንግዲህ ውሃ ትያዝ» አሉ። ለምን እንደፈለጓት ያኔ ነገሩኝ። ለሞተ ሰው ከሚሰጥ ሰደቃ ውሃን የሚያህል የለም። ጀልባዋን ዘመዶቻቸው ዘንድ ሀርሺን ወስደው፣ ከተጎታቹ አውርደው የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት ቢርካ አጠገብ አስቀመጧት። እረኞቹ ከቢርካው እየቀዱ ይሞሏታል፣ ከብቱ ይጠጣባታል።

ባለፈው ዓመት በዚያ በኩል ሳልፍ ጎራ ብዬ አየኋት። ነጩ ቀለም አቧራ ለብሷል እንጂ አልተነሳም። ፍየሎች ከበዋት ይጠጣሉ። ሲሻሙ ቀንዳቸው ጎኗን ይነካል፤ ጠቅ፣ ትንሽ ቆይቶ ጠቅ፣ ጠቅ። ጋራዤ ውስጥ በበርጫ ሰዓት የሰማሁት ድምፅ ነበር፣ ያው ራሱ። እረኛው ለምን ደርቄ እንደቆምኩ ጠየቀኝ። ውሃ ስጠኝ አልኩት፤ ከሷው ቀድቶ ሰጠኝ፣ ጠጣሁ።

ለባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ማሽን ከማስነሳታችሁ በፊት አንድ ጥግ በእጃችሁ ላጡ። ያያችሁትን ለባለቤቱ ንገሩ፤ ያላያችሁትን አትጨምሩ።